ይህ የት ነው? ጣናን እየዞሩ ቦታን ከፎቶ ማወቅ

ከባሕር ዳር ተነስቶ ጣናን በመኪና የሚዞር ወይም በጀልባ ወደ ገዳማቱ የሚወጣ ሰው ፎቶ አንስቶ ለቤተሰቡ በቴሌግራም ይልክና «ይህ የት ነው?» ይላል። መልሱ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ውሃ ከታየ «ጣና»፣ ግንብ ከታየ «ፋሲል»። ግማሹ ትክክል ስለሚሆን ማንም ምንም ሳይማር ያልፋል። ጨዋታው የሚጣፍጠው የጣና የትኛው ዳርቻ፣ ካሜራው ወደየት ዞሮ፣ በየትኛው ወር ሲባል ነው። ለዚህ ደግሞ ስም ከማሰብ በፊት ሦስት ነገር ማየት ይበቃል፦ ውሃው በየት በኩል እንደተኛ፣ ፀሐይዋ የት እንደቆመች፣ መሬቱ ምን እንደለበሰ። ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል።

ጨዋታውን ስታዘጋጁ

ለአንድ ዙር ስምንት ፎቶ በቂ ነው፤ ከዚያ ካለፈ የቡድኑ ግማሽ ይሰለቻል። ሁለቱ ቀላል፣ አራቱ መካከለኛ፣ ሁለቱ ከበድ ያሉ ይሁኑ። በእያንዳንዱ ፎቶ ላይ ቢያንስ ሁለት ፍንጭ ይታይ፤ ጥላና ዛፍ፣ ወይም ጣራና ተራራ። ባዶ ውሃ አንስቶ «ገምቱ» ማለት ጨዋታ ሳይሆን ተንኮል ነው።

ለቦታው 3 ነጥብ፣ ካሜራው ለዞረበት አቅጣጫ 2፣ ለወሩ 1 ስጡ። ወሩን አንድ ወር ወዲያ ወይም ወዲህ የሳተ እንዳገኘ ይቆጠርለት። ፍንጭ ጠይቆ የመለሰ ግማሹን ይውሰድ። ምክንያቱን ሳይናገር ስም ብቻ የጣለ ሰው ግን፣ ቢያገኝም፣ ነጥብ አይሰጠው። ይህች ደንብ ጭቅጭቅ ታበዛለች፤ ያለ እሷ ግን ዙሩን የሚያሸንፈው ሁልጊዜ ቀድሞ የጻፈው ነው።

ላኪው ፎቶውን ባነሳበት ቅጽበት የስልኩን ኮምፓስ አይቶ አቅጣጫውን በማስታወሻ ይያዝ። ከመኪናው ሦስት አራት እርምጃ ራቅ ብሎ ይሁን፤ ብረት አጠገብ ኮምፓስ ይዋሻል። «ወደ ሰሜን ይመስለኛል» የሚል ዳኛ በኋላ ጠብ ያመጣል።

ፎቶው በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሲላክ ከውስጡ ያለው የቦታና የሰዓት መረጃ ይራገፋል። እንደ ፋይል ከተላከ ግን መረጃው አብሮ ስለሚሄድ ሌባው መልሱን ከዚያ ያነባል። ስለዚህ በጨዋታው ጊዜ እንደ ፎቶ ብቻ ላኩ፤ ዋናውን ግን አትሰርዙት፣ በኋላ ያስፈልጋል። በፊት ካሜራ የተነሳ ሰልፊ አንዳንድ ስልክ ላይ ግራና ቀኙ ተገልብጦ ይቀመጣል። ከበስተጀርባ ጽሑፍ ካለ ፊደሉ መገልበጡን እዩ፤ ጽሑፍ ከሌለ ሰልፊውን ለጨዋታ አታቅርቡት።

ገዳም ውስጥ ሳታስፈቅዱ አታንሱ። ሥዕል ላይ ፍላሽ አይበራም። እንደ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ያሉት ሴቶች የማይገቡባቸው ገዳማት ስለሆኑ የእነሱን የውስጥ ፎቶ ለጨዋታ ማቅረብ የቤቱን ግማሽ ከጨዋታ ማውጣት ነው። ከጀልባ ሆነው ከውጭ ያንሷቸው።

ውሃው በየት በኩል ተኛ?

ጣና ከሰሜን ወደ ደቡብ ወደ 84 ኪሎ ሜትር፣ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ወደ 66 ኪሎ ሜትር ነው። ከአንዱ ዳር ሆኖ ሌላው ዳር ብዙ ጊዜ አይታይምና ሰው ሁሉም ዳርቻ አንድ ይመስለዋል። ነገር ግን ባሕር ዳር ከሐይቁ ደቡብ ስለሆነች ውሃው በሰሜኗ ነው። ጎርጎራ ከሰሜን ሆና ውሃዋን በደቡብ ታያለች። ከእንፍራዝ በላይ ያለው የጉዛራ ግንብና የቆራጣ ዳርቻ ውሃውን በምዕራብ፣ ቁንዝላና ደልጊ ደግሞ በምሥራቅ ያገኙታል።

ከዚህ የሚወጣው ሕግ ቀላል ነው። ፀሐይ ከሰፊ ውሃ ላይ ስትወጣ የሚያሳይ ፎቶ ከምዕራቡ ዳርቻ ወይም ወደ ሐይቁ ከገባው የዘጌ መሬት ምሥራቃዊ ጎን ነው። ፀሐይ ሰፊ ውሃ ውስጥ ስትገባ ካሳየ ከምሥራቁ ዳርቻ ነው። ማለዳ ይሁን ምሽት ካልታወቀ ታንኳዎቹን ሳይሆን ሰዎቹን እዩ፤ ጋቢና ነጠላ እስከ አፍንጫ የተከናነበ ብዙ ከሆነ ማለዳው ያመዝናል። ያመዝናል ነው ያልነው፤ አያረጋግጥም።

የባሕር ዳር የምሽት ፎቶ ለብቻው ይታይ፣ ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነውና። ከከተማው መሀል ዳርቻ ቆሞ ወደ ሐይቁ ለሚመለከት ሰው በደን የተሸፈነው ዘጌ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይታየዋል። ክብራንና እንጦስ የተባሉት ደሴቶች እንደ ሁለት አረንጓዴ ጉብታ ተጠጋግተው በዚያው በኩል ናቸው። ደብረ ማርያም ወደ ቀኝ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ነው። ፀሐይዋ ሁልጊዜ ከዘጌ ግራ ነው የምትጠልቀው። በሰኔ ከትክክለኛው ምዕራብ ወደ ሰሜን 24 ዲግሪ ያህል ስለምትሄድ ወደ ዘጌ ትቀርባለች፤ በታኅሣሥ ያንኑ ያህል ወደ ደቡብ ስለምትሸሽ ከየብስ በስተጀርባ ትገባለች። ፀሐይና ዘጌ በአንድ ፎቶ ተቀራርበው ከታዩ ወሩን ከግንቦት እስከ ሐምሌ አድርጉት። ዘጌ መሀል ላይ ሆኖ ፀሐይዋ ከፎቶው ጭራሽ ከወጣች ከኅዳር እስከ ጥር ነው።

ጥላ

በትምህርት ቤት «ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ናት» ተብለን አድገናል። በባሕር ዳር ይህ የሚሆነው በዓመት ሁለት ቀን ገደማ ብቻ ነው፤ ሚያዝያ 12 እና ነሐሴ 16 አካባቢ። በእነዚህ ሁለት ቀኖች መካከል ባለው የክረምት ወገን የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል ናት፣ ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። በቀረው የዓመቱ ክፍል ፀሐይ በደቡብ፣ ጥላ በሰሜን። ይህን የማያውቅ ገማች የግንቦት ፎቶ ሲያይ አቅጣጫውን ልክ ተቃራኒ አድርጎ ይናገራል፤ ትልቁ የስህተት ምንጭ ይህ ነው።

ቀትሩም ራሱ ስድስት ሰዓት ላይ አይደለም። ሰዓታችን የተቀመረው ከባሕር ዳር በስተምሥራቅ ባለ መስመር ስለሆነ ጥላ የሚያጥረው ከ6፡30 ገደማ ነው፤ እንደ ወሩ ሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል።

ርዝመቱንም ለኩ። ቁመቱ 1.70 ሜትር የሆነ ሰው በታኅሣሥ አጋማሽ ቀትር ላይ ወደ 1.20 ሜትር የሚጠጋ ጥላ ወደ ሰሜን ይጥላል። ያው ሰው በሰኔ አጋማሽ ወደ ደቡብ 35 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ይኖረዋል። ስለዚህ አጭር ጥላ ከእግር ሥር ተኮማትሮ ከታየ ታኅሣሥ ሊሆን አይችልም። የሰው ጥላ ካልታየ የመብራት እንጨት ወይም የቆመ ባጃጅ ያገለግላል። የዛፍ ጥላ ግን ዳሩ ስለማይለይ ያሳስታል።

ለጎርጎራ ፎቶዎች ይህ ሁሉ በተለይ ይጠቅማል። በበጋ ቀትር ወደ ሐይቁ የተነሳ ፎቶ ፀሐይን ፊት ለፊት ስለሚቀበል ሰዎቹ ጠቁረው ውሃው ያንጸባርቃል። ያው ፎቶ በሰኔ ከተነሳ ብርሃኑ ከኋላ ይመጣል፤ ፊት ሁሉ ይለያል።

ወሩን ከመሬቱ ማንበብ

ቢጫ ሲታይ ሁሉም «መስከረም!» ይላል። አደይ አበባ በመንገድ ዳር፣ በድንበርና በግጦሽ መሬት ላይ ተበትኖ ነው የሚታየው። ማሳ ሞልቶ፣ ዳሩ ቀጥ ብሎ የተቆረጠ ቢጫ ከሆነ ኑግ ነው፤ ወሩም ወደ ጥቅምት፣ አንዳንዴም ወደ ኅዳር ይገፋል።

ከወረታ ወዲህና ወዲያ ያለው የፎገራ ሜዳ በሩዝ ይታወቃል። በነሐሴ ውሃ ያቆረ ለምለም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የታጨደና የተከመረ ሩዝ ከታየ ሌላ ፍንጭ አያስፈልግም፤ ቦታውንም ወሩንም ሰጥቷችኋል። ሐይቁ ራሱ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረምና በጥቅምት ነው። በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ሲል በዳሩ ያሉት ድንጋዮች ይጋለጣሉ፤ ድንጋዩ ላይ የቀረው የውሃ መስመር በፎቶ ላይ ጎልቶ ይታያል።

ሐምራዊ አበባ ያለው አረንጓዴ ምንጣፍ ውሃውን ከሸፈነው እምቦጭ ነው። በጣና ላይ ከእ.ኤ.አ. 2011 ወዲህ የታየ አረም ሲሆን የበዛው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ፣ በደንቢያና በፎገራ በኩል ነው። ስለዚህ ፎቶው ከዚያ ዓመት በፊት አይደለም፤ ዳርቻውም በዚያ በኩል የመሆን ዕድሉ ያመዝናል። ደንገልን ከእምቦጭ የሚያምታታ ሰው ካለ፦ ደንገል ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ ሆኖ አናቱ ላይ እንደ ጭራ የተበተነ ነው፤ ታንኳ የሚሠራው ከእሱ ነው። ታንኳ ማየት ብቻውን ግን ጣና ለማለት አይበቃም፤ የደንገል ጀልባ ዝዋይ ላይም አለ።

ጢስ አባይ ላይ ተጠንቀቁ። ፏፏቴው ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፣ ከፍታው ወደ 45 ሜትር ነው፣ በነሐሴና በመስከረም ገደሉን ሞልቶ ይወርዳል። በበጋ ግን ውሃው ወደ ኃይል ማመንጫው ስለሚዞር አንድ ሁለት ዘለላ ብቻ ሊቀር ይችላል፤ የዞረው መጠን ሲቀንስ ደግሞ በበጋም ይጠነክራል። ስለዚህ ወሩን ከውሃው ብዛት አትፍረዱ፤ ከጎኑ ያለውን ሣር እዩ። ሣሩ ደርቆ ውሃው ከበዛ በጋ ነው።

ገዳማቱን መለየት

የጣና አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ ክብ ስለሆኑ «ክብ ነው» ማለት ምንም አልተናገረም። የሣር ክዳን ወደ ቆርቆሮ ስለሚለወጥ ጣራም ብቻውን አይታመንም፤ የቆየ ፎቶና የዘንድሮ ፎቶ ሁለት የተለያየ ቤተ ክርስቲያን ሊመስሉ ይችላሉ። የሚታመነው አካባቢው ነው።

ዘጌ በሬ የማይጠመድበት የደን አገር ነው፤ ከትልልቅ ዛፎች ሥር ቡና ካያችሁ፣ መንገዱ ጠባብ የእግር መንገድ ከሆነና ግራና ቀኙ የድንጋይ ካብ ከሆነ ዑራ ኪዳነ ምሕረት፣ አዝዋ ማርያም ወይም ቤተ ማርያም ከሚባሉት አንዱ ጋ ናችሁ። ዳጋ ከሩቅ እንደ ተደፋ እንቅብ ሾጠጥ ያለ፣ በደን የተሸፈነ ተራራ ሆኖ ከደቅ አጠገብ ይታያል። ደቅ ትልቁ ደሴት ሲሆን ዝርግ ነው፣ ማሳም አለበት። ስለዚህ በአንድ ፎቶ ሾጣጣና ዝርግ ጎን ለጎን ከታዩ ዳጋና ደቅ ናቸው። ጣና ቂርቆስ በምሥራቅ ዳርቻ አጠገብ ቋጥኙ ቀጥ ብሎ ከውሃው የወጣ ነው። ናርጋ ሥላሴ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ስለሆነ በድንጋይና በኖራ የተገነባ ቅጥርና የበር ግንብ አለው፤ ጎንደርን ይመስላል። ከጎንደር የሚለየው ደሴት ላይ መሆኑ ነው።

የውስጥ ሥዕል ከሆነ ግድግዳውን ሳይሆን ጣራውን ፈልጉ። ጣራው በክንፍ የታቀፉ የመላእክት ፊቶች ረድፍ በረድፍ ከሞሉት ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው፤ ጎንደር እንጂ ጣና አይደለም። በጣና ዙሪያ ባሉት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉ ያለው በመቅደሱ የውጭ ግድግዳ ላይ ነው፤ ፎቶ አንሺው ቆሞ የሚያነሳው ከቅድስት፣ ማለትም መቅደሱን ከሚዞረው ጠባብ ክፍል ስለሚሆን ርቀቱ አጭር፣ ሥዕሉም ከጎን የተጋደመ ይመስላል።

መንገዱ ላይ

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወረታ በ60 ኪሎ ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ከአዲስ ዘመን በኋላ ከመንገዱ አጠገብ እንደ ጣት የቆመ ቋጥኝ ካያችሁ አሞራ ገደል ነው። ከዚያ ቀጥሎ በእንፍራዝ በኩል ኮረብታ ላይ ብቻውን የቆመ፣ ከሥሩ ሐይቁ የሚታይ ግንብ ጉዛራ ነው፤ የአጼ ሠርፀ ድንግል ዘመን ሥራ ስለሆነ ከፋሲል ይቀድማል። ፋሲል ግቢ ከከተማ መሀል፣ ብዙ ግንብ በአንድ ቅጥር ነው። የፋሲል መዋኛ ደግሞ ውሃ ከተሞላ በጥር አካባቢ ነው፤ የሚሞላው ለጥምቀት ነውና።

ድልድይ ከታየ ረጋ በሉ። በገደል መሀል፣ በገመድ የተወጠረ፣ ዙሪያው በረሃ የሆነ ድልድይ ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው የአባይ በረሃ ድልድይ ነው። ባሕር ዳር ላይ አባይ ዳርና ዳሩ ለምለም ነው። ከተማዋ ላይ ያለው ሰፊው አዲስ ድልድይ፣ 380 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በ2016 ዓ.ም. ግንቦት ተከፍቷል፤ መኪና ሲመላለስበት የሚያሳይ ፎቶ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም። ከተማዋን ቁልቁል ከሚያሳየው ከቤዛዊት ኮረብታ የተነሱ የቆዩና የአሁን ፎቶዎችን ለመለየት ይህ አንዱ መንገድ ነው።

ካራቫን የሚጎትተው ዘመድ ሲልክ

አውስትራሊያ የሚኖር ዘመድ ካራቫን፣ ማለትም ተጎታች ማደሪያ ቤት፣ ከመኪናው ኋላ ጎትቶ አገር ሲዞር ከባሕር ዳር ሆኖ መገመት ይቻላል፤ ሦስቱ ጥያቄዎች ያው ናቸው፣ መልሶቻቸው ግን ይገለበጣሉ። የአገሪቱ ደቡባዊ ክፍል የቀትር ፀሐይን ዓመቱን ሙሉ በሰሜን ነው የሚያየው፤ እንደኛ ወዲያ ወዲህ የለም። በጋቸውም በእኛ ታኅሣሥና ጥር ነው። ባህር ዛፍ አይቶ «ይህማ ጎጃም ነው» ማለት አይሠራም፤ ዛፉ የመጣው ከእነሱ ነው። መኪና በግራ ይነዳሉ።

ቀይ አሸዋ መሀል አንድ ወጥ ትልቅ ዓለት ኡሉሩ ነው፣ ቁመቱ 348 ሜትር። ተበታትነው የቆሙ ክብ ጉልላቶች ከሆኑ ጎረቤቱ ካታ ጁታ ነው፤ ሁለቱን አንድ ማድረግ የተለመደ ስህተት ነው። ኡሉሩ ላይ ሰው ሲወጣ ከታየ ፎቶው ከጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. በፊት ነው፣ መውጣት የተከለከለው ያኔ ነውና። ከባሕር የቆሙ የኖራ ድንጋይ ምሰሶዎች በቪክቶሪያ ዳርቻ ያሉት «አሥራ ሁለቱ ሐዋርያት» ናቸው፤ ብትቆጥሯቸው አሥራ ሁለት አይሞሉም፣ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2005 ፈርሷል። ማዕበል የመሰለ 15 ሜትር ያህል የሚነሳ ዓለት ዌቭ ሮክ፣ ምዕራብ አውስትራሊያ። የመኪና መንገድ ዳር ግዙፍ ሙዝ ከቆመ ኮፍስ ሃርበር ነው፤ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እዚያው አለ።

ምንም ዝነኛ ነገር በሌለበት ፎቶ የመብራት ምሰሶውን እዩ። ሁለት የብረት ዘንግ መሀሉ በኮንክሪት የተሞላ ምሰሶ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ምልክት ነው። ሲድኒና ሜልቦርን ከእኛ ሰባት ሰዓት፣ በበጋቸው ስምንት ሰዓት ይቀድማሉ፤ ፐርዝ አምስት። የማታ ዙር እዚህ ከጀመራችሁ እዚያ ሌሊት ነው።

የሚያሳስቱ ነገሮች

ዙም ርቀትን ይበላል። ከባሕር ዳር በዙም የተነሳ ክብራን ዋኝተው የሚደርሱበት ይመስላል። ከፊት ያለው ታንኳና ከኋላ ያለው ደሴት ሁለቱም ትልቅ ሆነው ከታዩ ዙም ነው፤ ርቀት አትገምቱ።

ጽሑፍ ቦታን አያረጋግጥም። «ጣና» የሚል የሱቅ ስም በየከተማው አለ። ታርጋ ላይ ያለው «አማ» መኪናው የተመዘገበበትን ክልል እንጂ የቆመበትን አይናገርም። ጉግል ሌንስም የሚያመጣው የሚመሳሰል ፎቶ ነው፤ ሾጣጣ ደሴት ባሳያችሁት ቁጥር የሚያውቀውን ዝነኛ ስም ይሰጣችኋል። በጨዋታው ውስጥ ከልክሉት፣ ከጨዋታው በኋላ ተጠቀሙበት።

ግምታችሁን ስትፈትሹ ጉግል ኧርዝ ላይ ፎቶ አንሺው ቆመ ባላችሁበት ነጥብ ቁሙ፣ ምስሉን አጋድሙትና ወደ ገመታችሁት አቅጣጫ አዙሩት። የተራራውን ቅርጽ ሳይሆን ቅደም ተከተሉን አመሳክሩ፦ ከግራ ወደ ቀኝ የትኛው ደሴት ከየትኛው ቀጥሎ ይመጣል። ቅርጽ በጉም ይለወጣል፣ ቅደም ተከተል አይለወጥም። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠባችሁ በተቃራኒው ዳርቻ ቆማችኋል ማለት ነው።

ክርክሩ ካልበረደ ላኪው ዋናውን ፎቶ አሁን እንደ ፋይል ይላክ። ሲነሳ የስልኩ ሎኬሽን በርቶ ከነበረ ነጥቡ በካርታ ላይ ይወጣል። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነውና ወደ እኛው መልሱት፤ ሰዓቱም 18፡10 ካለ በእኛ ከምሽቱ 12፡10 ነው።